ለጎደሬ የሚበቃ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ቦንጋ ባለው ቤታችን፣ የወጥ ቤቱ ጊዜ የሚለካው በተረት ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት ተሰቅሎ እንደነበር አልዘነጋም፤ ነገር ግን ባትሪው ያለቀው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለነበር ከጌጥነት ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ለጎመን አጭር ተረት፣ ለዱባ መካከለኛ፣ ለጎደሬ ደግሞ ረጅሙ የጉሬዛዋ ተረት ይነገር ነበር፤ ተረቱ ሲያልቅ ድስቱ ይወርዳል። በየቤቱ እንዲህ የሚበስል ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ መምህርታችን ጎመን ለመቀቀል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ስትጠይቀን እጄን አውጥቼ «አንድ የቀበሮ ተረት» ያልኩ ዕለት ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ቤታችን ከሰው ቤት እንደሚለይ የገባኝ ያኔ ነው፤ ማፈርም የጀመርኩት ያኔ።

ተራቹም ወጥ ሠሪውም አንድ ሰው ነበር፦ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ አደሎ። ወጣትነቱን በሙሉ በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ ለወታደር ወጥ ሲሠራ ኖሮ፣ መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ከሰሜን ጫፍ እስከ ቦንጋ ግማሹን በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና ተጉዞ፣ አንድ የተጣመመ ጭልፋ ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ በራችን ላይ ቆመ አሉ። የእጅ ሰዓቱን መንገድ ላይ በዳቦ ለውጦታል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ መሬት የለው። ያኔ የተበተነ ወታደር መሆን አንገት የሚያስደፋ ነገር ነበር፤ የተበተነ ወጥ ሠሪ መሆን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የሌሎቹ ቤት ወታደሮች ቢያንስ ስለ ጦር ሜዳ ሲያወሩ ሰው ይሰበሰብላቸው ነበር፤ ጋሽ አደሎ ግን ስለ ጦር ሜዳ ሲጠየቅ የሚናገረው ጥቂት ምስር ለብዙ ሰው እንዴት እንደሚያብቃቁ፣ ሽንኩርት ሲጠፋ በምን እንደሚተኩት ነበር።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ክራባት ይወዳል፣ ጫማው ጭቃ ሲነካው ፊቱ ይለዋወጣል፤ በቦንጋ ዝናብ ደግሞ ፊቱ የማይለዋወጥበት ቀን ጥቂት ነው። ሰዎች «ታላቅ ወንድምህ አሁን ምን ይሠራል?» ሲሉት «እያረፈ ነው» ይላቸው ነበር። ዕረፍቱ ይኸው ነበር፦ ማለዳ ተነስቶ እንጨት ይፈልጣል፣ ጓሮ ወርዶ ጎመን ይቀነጥሳል፣ ጎደሬ ይቆፍራል፣ ማታ እናቴ ከሱቋ ደክማ ስትመለስ ወጡ ደርሶ ይጠብቃታል። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ወንድ ልጅ ወጥ ቤቷ ውስጥ በመግባቱ በጣም አፍራ ነበር ይባላል። ጎመኑን ስትቀምስ ግን ዝም አለች።

ስለዚያ ጎመን ሳልናገር ባልፍ ይከፋኛል። ጋሽ አደሎ ጎመን ክዳን አይወድም ይል ነበር። ውሃው እየፈላ ሳለ ይከተዋል፣ ክዳኑን ወዲያ አስቀምጦ የቀበሮዋን ተረት ይጀምራል፤ ቀበሮዋ ጉድጓዷ ስትገባ ጎመኑ ይወጣል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ በሁለት እጁ ይጨመቃል። ዘይትና ሽንኩርቱ ለብቻው ከቆየ በኋላ ነው ጎመኑ የሚገባው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በጣቱ ጫፍ የተወቀጠ ኮረሪማ። አረንጓዴነቱ ያኔ ከጫካው ቅጠል አይለይም። ዱባን ውሃ አያስነካም ነበር፤ ዱባ የራሱ ውሃ አለው እያለ ቁሌቱ ላይ ከትቶ፣ ድፍን አድርጎ ዘግቶ፣ በረመጥ ላይ ይተወዋል። ቦዬ የሚባለውን ሥር በነልጣጩ ቀቅሎ፣ እጃችንን እየለበለበን ልጠን በዳጣ እንድንበላው ያደርገን ነበር፤ የዳጣው እሳት እንባችንን ሲያወርደው እሱ በደስታ ይስቃል።

ከሁሉ የምወደው ግን ጎደሬውን ነበር። ጎደሬ ክፉ ተክል ነው። ጥሬውን የነካ እጅ ያሳክካል፤ ሳይበስል የበሉት እንደሆነ ጉሮሮን ይዞ ይከረክራል፣ ውሃ ቢጠጡበት ይብስበታል። በደንብ ሲበስል ደግሞ አፍ ውስጥ እንደ ቅቤ ይሟሟል። ጋሽ አደሎ እጁን ሳያረጥብ ይልጠዋል፣ ቆራርጦ ይቀቅለዋል፣ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ እንደገና ይጥደዋል፤ ያን ጊዜ ነው ጭልፋውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የጉሬዛዋን ተረት የሚጀምረው። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ኩራዙ ከግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል፣ እርጥብ እንጨቱ ይጨሳል፣ ዓይኔ ያነባል፣ ሆኖም ከጉልበቱ ሥር አልነሳም። ተረቱን በካፊኖኖ ጀምሮ መሃል ላይ ሳያውቀው ወደ ወታደር አማርኛው ይሻገር ነበር፤ እንስሳቱ ሁሉ ከዚያ በኋላ «አቤት ጌታዬ!» እያሉ ነው የሚመላለሱት።

ተረቱ ይህ ነው። ጉሬዛዋ ከጎጀብ ወንዝ ወዲያ ማዶ ለእህቷ ሠርግ ተጠርታለች። ነጭ ካባዋ እንዳይርስባት ስለምትፈራ ውሃ ውስጥ መግባት አትፈልግም። ስለዚህ ወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች «እባክህ ጎንበስ በልልኝና በጀርባህ ልሻገር» እያለች ትለምናለች። ዋንዛው ወገቤን ያመኛል ይላታል። ቀረሮው እኔ ከተፈጠርኩ ጎንበስ ብዬ አላውቅም ይላታል። ዝግባው ነገ ነይ ይላታል። እያንዳንዱ ዛፍ እምቢ ባለ ቁጥር እኔ «ከዚያስ?» እላለሁ፤ «ከዚያስ?» ባልኩ ቁጥር አንድ አዲስ ዛፍ ይበቅላል። አንዳንድ ማታ የካፋ ጫካ ዛፍ በሙሉ እምቢ ሲላት አመሸን። በመጨረሻ አንድ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሐረግ «እኔን ይዘሽ ተወርወሪ» ይላታል፤ ጉሬዛዋ ትሻገራለች፤ ጋሽ አደሎ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ይሰዳል፤ ጎደሬው እንደ ሊጥ ተለንቅጦ ይጠብቀዋል። አንድም ቀን አልሳተውም። ማለቴ፣ ከአንድ ቀን በቀር።

ታላቅ እህቴ አስቴር ለአንድ መምህር ታጨች። ልጁ ጨዋ ነበር፤ ቤተሰቦቹ ደግሞ አያት ቅድመ አያታቸው ከሰሜን መጥተው ቦንጋ የቆዩ፣ በከተማው ስማቸው የሚጠራ ሰዎች ነበሩ። ልጅቷን ለመስጠት አባቴ እሺ ካለ በኋላ የቀረው የሠርጉን ቀን መቁረጥ ነበር፤ ለዚህም የልጁ እናትና አጎት ከሁለት ዘመዶች ጋር ምሳ ሊበሉ እንደሚመጡ ተላከብን። ወቅቱ የገና ጾም ነበር። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ክብራችን በአትክልት ላይ ወደቀ። በአትክልት ደግሞ ከጋሽ አደሎ የሚበልጥ እጅ በሠፈሩ አልነበረም፤ አባቴም ይህን ያውቃል። እህቴ ሦስት ጊዜ ቀሚስ ቀያየረች፤ ቀኑ ካልተቆረጠ የመምህሩ እናት ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብላ ትሰጋ ነበር።

በዚያን ዕለት ጠዋት አባቴ ክራባቱን እያሰረ ወደ ወጥ ቤቱ በር መጣ። እኔ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ወንድሙን ዓይን ዓይኑን ሳያይ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ድምፅህ ባይሰማ» አለው። «ሰዎቹ ሌላ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ወንድ ወጥ ይሠራላቸዋል ተብሎ...» ብሎ አልጨረሰውም።

ጋሽ አደሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ይገባኛል» አለ።

ከዚያ እናቴ እጄን ይዛ ከወጥ ቤት አወጣችኝና ፊቴን አጥባ፣ የፋሲካ ቀሚሴን አልብሳ፣ እንግዶቹን እጅ እንዳስታጥብ ጆግና ሳፋ አሸክማ ሳሎን በር ላይ አቆመችኝ። በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል አንድ ቀጭን የጣውላ በር ነበር። ሁልጊዜ በዚያ በር በኩል የጋሽ አደሎ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ያን ቀን ግን የማገዶው መንጣጣትና የድስቱ መንተክተክ ብቻ ነበር የሚሰማው። እንግዶቹ ገቡ። የልጁ አጎት ድምፃቸው ሳሎኑን የሚሞላ፣ ጋቢያቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸውን ሳስታጥባቸው «የማን ቆንጆ ነሽ?» አሉኝ፤ ከደስታዬ ብዛት ውሃውን እጅጌያቸው ላይ ደፋሁት።

ምግቡ ቀረበ። የልጁ እናት ጎመኑን እንደቀመሱ እጃቸውን አቆሙ። «እንዲህ ያለ ጎመን በልቼ አላውቅም፤ የማን እጅ ነው?» ሲሉ እናቴ አንገቷን ደፍታ «ይብሉልኝ» አለች፤ መዋሸትም አልፈለገች፣ እውነቱንም መናገር አልቻለች። አባቴ ክራባቱን አስተካከለ። ዱባው ተመሰገነ። ጎደሬው ቀጠለ፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተለውሶ፣ ዳጣ ከጎኑ ተደርጎ፣ እንፋሎቱ እየተነሳ። ሁሉም ጎረሱ፤ የደገሙም ነበሩ።

ሽማግሌው እጃቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ቀኑን በተመለከተ...» ብለው ጀመሩ። «እህህ። ቀኑን... እህህ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የልጁ እናት በነጠላቸው ጫፍ አንገታቸውን ይዳብሱ ጀመር። አንደኛው ዘመድ ውሃ ጠየቀ፤ ጠጣ፤ ዓይኑ ቀላ። ያን ጊዜ ነው ጆጉ በእጄ ላይ የከበደኝ፤ ምን እንደሆነ ከሁሉ ቀድሜ አውቄያለሁ። ሳሎኑ በሙሉ ያስላል፣ ያካል፣ ይጠርጋል። ሁለተኛው ዘመድ ሳህኑን ከፊቱ ገፋ አድርጎ «ምንድን ነው ያበላችሁን?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ያለውን ጥርጣሬ ልጅም ብሆን ሰምቼዋለሁ። የአባቴ ፊት ዓመድ መሰለ። እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። እህቴ ጓዳ ውስጥ ሆና ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ አደሎ አሮጌ የወታደር ሸሚዙን እንደ ሽርጥ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ዓይኑ ከጭሱ ቀልቶ፣ በአንድ እጁ ማር የሞላ ቅል ይዞ ቆመ። «ይቅርታ ጌቶቼ» አለ። «ጎደሬው ነው። አልበሰለም። ይከረክራል እንጂ አይጎዳም። ማር ይቅመሱበት፣ ይለቃል።» ለያንዳንዳቸው በማንኪያ ማር እያቀረበ ዞረ፤ እነሱም እንደ ታመሙ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ። ቀስ በቀስ ሳሉ በረደ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው ቀና አሉና «ይህ ማን ነው?» ብለው አባቴን ጠየቁት።

አባቴ «ሠራተኛችን ነው» አለ።

ያችን ቃል እስከ ዛሬ ስሰማት ፊቴ ይግላል። ጋሽ አደሎ የቅሉን ክዳን ገጠመና ወደ በሩ ዞረ። ችግሩ ፊታቸው ነበር። ሁለቱም ያው ሰፊ ግንባር፣ ያው የተጋጠመ ቅንድብ፣ ሲጨነቁ ታችኛ ከንፈራቸውን የሚነክሱበት ያው መንገድ፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ሁለቱም ነክሰውት ነበር። ሽማግሌው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ወደ አባቴ ዞረው «ታላቅህ ነው ታናሽህ?» አሉ።

አባቴ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። «ታላቄ ነው» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር።

«ታላቅ ወጥ ቤት ቆሞ ነው ታዲያ እኛ ከታናሽ ጋር ቀን የምንቆርጠው?» አሉ ሽማግሌው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ። «እሱ የተቀመጠ ቀን ላኩብን፣ እንመለሳለን» ብለው ወጡ። አባቴ በር ድረስ ሳይሸኛቸው ባለበት ተቀምጦ ቀረ። እኔ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ማን አጠገብ እንደምሄድ ቸግሮኝ በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ቆሜ ነበር፤ በማን እንዳፈርኩ እንኳ ለይቼ አላውቅም። በአባቴ አፈርኩ፣ በጎደሬው አፈርኩ፣ ክፍል ውስጥ የሳቁብኝ ልጆች ትዝ አሉኝና በራሴም አፈርኩ።

አባቴ ላከባቸውና ሰዎቹ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ጋሽ አደሎ የአባቴን ኮትና ክራባት ለብሶ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ሳሎኑ ውስጥ ካሉት ወንበሮች ትልቁ ላይ ተቀመጠ። ምሳውን የሠሩት ጎረቤታችን እትዬ ጸሐይ ነበሩ፤ ጎደሬ በማዕዱ ላይ አልነበረም፤ ጎመኑ ክዳን ተደፍቶበት በመቀቀሉ ቢጫ ሆኖ መጣ። ጋሽ አደሎ ጎረሰው፣ ረጅም ጊዜ አላመጠው፣ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከተ። ቀኑን በተመለከተ ሲጠይቁት «እናንተ እንዳላችሁ» አለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር የተቀመጠው፤ ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ ብሎ የፈራ ይመስል መዳፎቹን ወደ ታች አድርጎ። ቀኑ ተቆረጠ፤ እህቴ በጥር ተዳረች፤ በሠርጉም ላይ ታላቅ ሆኖ የመረቀው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ወጥ ቤት አልገባም። አባቴ ከሐፍረቱ ብዛት ወንድሙን ሲያከብር የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ ጋሽ አደሎ ከወንበሩ ብድግ ባለ ቁጥር «ጋሼ፣ ተቀመጥ፤ ምን ጎደለህ?» ይለዋል። ጭልፋው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዛገ። እናቴ የቤት ሠራተኛ ቀጠረች፤ ልጅቷ ደህና ልጅ ነበረች፣ ዱባውን ግን በውሃ ታጥለቀልቀው ነበር። አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን ሳለ፣ የጉሬዛዋን ተረት ንገረኝ አልኩት። በኩራዙ ብርሃን አየኝ፣ ፈገግ አለና «ምን ተጥዶ?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩት። አልቀለደም።

በቤታችን ተረት ያለቀው በዚያ ነው። እሱን አከበርነው፤ ከእሳቱ አጠገብ አንሥተን በዚያ ትልቅ ወንበር ላይ አስቀመጥነውና ሰው «ታላቃቸው ይህ ነው» እንዲል አደረግን። አባቴ እስኪሞት ድረስ ዕዳውን የከፈለ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ካደግሁ በኋላ ሳስበው፣ ከዚያ ጣውላ በር ጀርባ መደበቁ አንድ ውርደት ከሆነ፣ ከሚያውቀው ነገር ሁሉ ተነጥሎ እንደ ዕቃ ለእይታ መቀመጡ ሌላ ውርደት ነበር እላለሁ። ሁለቱንም ያለ አንዲት ቃል ተቀበለ።

ኮሌጅ ጨርሼ ወደ ቦንጋ ስመለስ ታሞ አገኘሁት። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ ለረጅም ዘመን ልጠይቀው ፈልጌ ያፈርኩትን ነገር ጠየቅኩት፤ በዕድሜው ጎደሬ ስቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን እንዴት ሳተ? ከደከመ ዓይኑ ውስጥ የቀድሞው ሳቅ ብልጭ አለ።

«አፌን ዘግቼ በሆዴ ተረኩት» አለኝ። «ዋንዛው እምቢ አላት። ቀረሮው እምቢ አላት። ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅኩ፤ 'ከዚያስ?' የሚለኝ አጣሁ። አንቺ ሳሎን ነሽ። ምን ላድርግ፣ አሻገርኳት።»

እስካሁን ጎደሬ ስጥድ ተረቱን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ስልኬ ላይ ሰዓት መሙላት የሚያውቁት ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ዋንዛውን አልፌ ቀረሮው ጋ ስደርስ ጭልፋዬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ «ከዚያስ?» እላለሁ፤ ሳሎን እንግዳ ካለ ደግሞ ድምፄን ከፍ አደርገዋለሁ።